ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀጥታ ወደ ዳሸን?

ጥያቄ፦ «ሰላም እትዬ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከወጣሁ 16 ዓመቴ። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ለገና ሰሞን ሁለት ሳምንት ተኩል እንመጣለን። ልጆቹ አገራቸውን የሚያውቋት በስልክ ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ባንዲራ ይዘን ፎቶ ብንነሳ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም ብዬ አሰብኩ። አንድ አስጎብኚ በ5 ቀን አወጣችኋለሁ ብሎኛል። ቅዳሜ አዲስ አበባ እንገባለን፤ እሑድ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ማታውን ሳንካበር፤ ሰኞ ጨነቅ፤ ማክሰኞ አምቢቆ፤ ረቡዕ ዳሸን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት፤ እሷም "ካልሄድኩ" ብላ ይዛናለች። ባለቤቴ ደግሞ "አብደሃል" ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?» የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። ግን ግማሹን ብቻ። ልጆቹን ሰሜን ተራሮች ማምጣት ግሩም ሐሳብ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የቀኑ አቆጣጠር ነው። (ስለ መንገዱ ጸጥታም የምለው አለኝ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ። እሱን ሳታነብ ትኬት እንዳትቆርጥ።)

እስቲ የአስጎብኚህን ዕቅድ በየምታድሩበት ቦታ እንቁጠረው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ስታድሩ 2,350 ገደማ ላይ ናችሁ። እሑድ ሳንካበር፣ 3,250። ሰኞ ጨነቅ፣ 3,620። ማክሰኞ የቧሂትን ማለፊያ 4,200 ላይ ታቋርጡና እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ትወርዳላችሁ፤ ወንዙ 2,800 አካባቢ ነው። ከዚያ እንደገና ሽቅብ፣ አምቢቆ፣ 3,200። በማግስቱ 4,533። ይህ ሁሉ የ7 ዓመት ልጅ ተይዞ፣ ያውም እንቅልፉ ገና በአሜሪካ ሰዓት እየሄደ።

ሐኪሞቹ ለከፍታ የሚሰጡት ደንብ ከባድ አይደለም። 3,000 ሜትርን ካለፍክ በኋላ የዛሬው መኝታህ ከትናንቱ በ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። በየሦስት ወይ አራት ቀኑ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እደር። ቀን ቀን ከፍ ብለህ ብትንጎራደድ ግድ የለም፣ ማታ ግን ዝቅ ብለህ ተኛ። የአንተ አስጎብኚ ቤተሰቡን ከ100 ሜትር አንስቶ በሁለተኛው ሌሊት 3,250 ላይ ያስተኛል።

ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። «እኔ እኮ አበሻ ነኝ፣ ደጋ ነው ያደግኩት።» ይሄን ከስንት ዲያስፖራ ሰማሁት መሰለህ! አስጎብኚዎችም ያግዙታል፤ «ለፈረንጅ ነው እንጂ እናንተን ምን ይነካችኋል» ይላሉ። እውነቱን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ አንድ ጥናት፣ በዚያው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ ነበር። ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። ድንቅ ነው። ግን እነሱ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው ያሉ ናቸው። አንተ ከፍታን የለመደውን ሰውነትህን አሜሪካ በገባህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሸኝተኸዋል። ልጆችህ ደግሞ ከነጭራሹ አልነበራቸውም። ዘሩ ከደጋ ነው ተብሎ የልጅ ራስ ምታት አይቀርም።

ይሄን የምልህ ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት የእህቴን ልጅ፣ ያኔ 9 ዓመቱ ነው፣ ይዤው ሄድኩ። ጠዋት ከአዲስ አበባ ጎንደር በረርን። ምሳ ደባርቅ በላን። ከሰዓት በኋላ መኪናው ጨነቅ አወረደን። አስር ሰዓት ላይ ልጁ ዋልያ አይቶ እየዘለለ ነበር። እኔም እንደ ጎበዝ አክስት ተኩራራሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ቀሰቀሰኝ። «አክስቴ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው ይወቅጣል» አለኝ። ከዚያ አስመለሰው። ጋይዳችን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣና «የበላው ነው፣ ዝንጅብል ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። እሱንም አስመለሰው። እስኪነጋ ጭኔ ላይ ይዤው ቁጭ አልኩ። ሲነጋ ጫማውን ላድርግለት ብል እግሩን እንኳ ማንሳት አልፈለገም። ሾፌሩን ቀስቅሰን ወረድን። ደባርቅ ደርሰን ትንሽ እንደቆየ «እንቁላል ፍርፍር የለም?» ብሎ ጠየቀ። ያ ቦታ ስሙ ጨነቅ መሆኑን ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ጋይዱ ተሳስቷል፣ ግን እዚያ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌሊት የተማርኩት፣ ሕመሙ እንደደረስክ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጁ ከሰዓት በኋላ መሯሯጡ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ መድከም፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ከእነዚህ ራስ ምታቱና አንድ ሌላ ከተገኙ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከፍታ ነው በል። የ13 ዓመቷ ልጅህ ትነግርሃለች። ትንሹ ግን «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል። ይነጫነጫል፣ ምሳውን ይገፋል፣ ጨዋታ ይተዋል። ልጅህ ራት ላይ ፓስታ እምቢ ካለ ቁጣውን ተወውና ግንባሩን ዳብስ።

ቀላል ከሆነ እዚያው ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ለራስ ምታቱ ማስታገሻ፤ እስኪሻለው ወደ ላይ አንድ እርምጃ የለም። ካልተሻለው መውረድ። ሁለት ነገር ካየህ ግን ንጋትን አትጠብቅ። አንዱ ሚዛን መሳት ነው። መሬት ላይ መስመር አስምርና ተረከዙን ከጣቱ እያስገጠመ እንዲሄድ አድርገው፤ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወይ ከተደናገረ አንጎሉ ተነክቷል ማለት ነው። ሌላው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ነው፣ በተለይ ከሳል ጋር። ያ ሳንባ ነው። ሁለቱም ይገድላሉ፣ የሁለቱም መድኃኒት ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

አሁን አምቢቆን ለምን እንደጠላሁት ይገባሃል። መንደሩ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፣ አይከፋም። ግን ከዚያ ወደ ደባርቅ ለመመለስ በመጣህበት የቧሂት ማለፊያ 4,200 ሜትር ላይ መልሰህ መውጣት አለብህ። ትንሹ ልጅህ ከዳሸን ሲወርድ ቢታመም፣ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሽቅብ ነው። ሳንካበርና ጨነቅ ግን መኪና ይደርሳል። ሾፌርህ ካምፑ ውስጥ ካደረ በጥቂት ሰዓት ደባርቅ ነህ። ለቤተሰብ ጉዞ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ ድንኳኑ አጠገብ ነዳጅ የሞላ መኪና መቆሙ።

ስለዚህ ዳሸንን ተወው። (ቁመቱንም እኛ ትምህርት ቤት 4,620 ብለን ነበር የሸመደድነው። አሁን የሚጠቀሰው 4,533 ነው፣ 4,550 የሚልም አለ። ያገሬው ሰው ስሙን ራስ ደጀን ነው የሚለው። ዳሸን እንደሆነ ቢራም ባንክም ሆኗል፣ ካማራችሁ ጎንደር ላይ ትጠጡታላችሁ።)

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። አዲስ አበባ ሦስት ሌሊት እደሩ። ዘመድ መጠየቁም አለ፣ የልጆቹ እንቅልፍም ይስተካከላል፣ ሰውነትም 2,350ን ይለማመዳል። ከዚያ ጎንደር ሂዱና ፋሲልን እያያችሁ አንድ ሌሊት። ቀጥሎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ። እዚያ ማደር ብዙ ሰው ይንቃል፣ «ከተማው ምን አለው» እያለ። ያለው 2,850 ሜትር ነው። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። በማግስቱ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ሳንካበር ግቡ፣ ሁለት ሌሊት። መሐል ያለውን ቀን ወደ ጅንባር ፏፏቴ መመልከቻ ሂዱበት፤ ውሃው ገደሉን 500 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። ከዚያ ግጭ፣ 3,600፣ ሁለት ሌሊት። ከግጭ በቀን እሜት ጎጎ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ 3,926 ነው፣ ፎቶህን እዚያ ተነሳ። እውነት ለመናገር ከዳሸን ጫፍ ይልቅ እይታው የእሜት ጎጎ ይበልጣል። ዳሸን ከሩቅ ጉብታ ነው የሚመስለው፣ እሜት ጎጎ ግን በሦስት በኩል ገደል ነው። ልጆቹን ከጠርዙ አርቀህ ያዝ፣ ይሄን ሳልልህ እንዳላልፍ።

ከግጭ ጨነቅ። ዋልያው ያለው እዚያ ነው። ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። አንተና ልጅትህ ደህና ካደራችሁ በማግስቱ ቧሂትን ውጡ። 4,430 ሜትር ነው፣ አየሩ ላይ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ። 4,000ን አለፍኩ ብላ ለጓደኞቿ ታወራለች። ትንሹ ከእናቱ ጋር ካምፕ ይቀራል። ይከፋዋል ብለህ አትስጋ። ለ7 ዓመት ልጅ የተራራ ጫፍ ምኑም አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ሁሉ ነገሩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ካደሩበት ገደል እየተንጠላጠሉ ይወጡና ሜዳው ላይ በመቶ እየሆኑ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። በሁለት እጃቸው፣ ጎመን እንደሚቀነጥስ ሰው። እርስ በርስ እያጉረመረሙ። ፀጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ጥቂት እርምጃ ድረስ ይቀርቧችኋል። ምግብ መስጠት የለም፣ ልጁን አስቀድመህ አስጠንቅቀው።

ከሳንካበር ግጭ ያለው የእግር መንገድ ለትንሽ ልጅ ረጅም ነው፣ መጨረሻውም ዳገት። ስለዚህ ከጭነት በቅሎዎቹ ሌላ አንድ የኮርቻ በቅሎ ከነባለቤቷ ተከራይ። «እኔ በእግሬ ነው» ይላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ በቅሎዋ ላይ ነው።

እናትህ። መጀመሪያ ሐኪማቸው። ከፍታ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የሚወስዱት መድኃኒትም መስተካከል ካለበት ሐኪሙ ነው የሚያውቀው። እሺ ካለ ይምጡ፣ ግን በእግር ሳይሆን በመኪና። የመኪና መንገዱ ከደባርቅ ተነስቶ በፓርኩ ውስጥ እስከ ጨነቅ ይሄዳል። ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ያድሩና ቀን ቀን ሳንካበር ድረስ መጥተው ዝንጀሮውን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያያሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። እናንተ ወደ ግጭ ስትወጡ እሳቸው ከአንድ ዘመድ ጋር ጎንደር ይውረዱ። ለዚህ ግን ሌላ መኪና ያዝ፣ የካምፑ መኪና ካምፑን እንዳይለቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ አስጎብኚህ ያላሰበው። በዚያን ሰሞን የገና ጾም ነው። እናትህ ይጾሙ ይሆናል፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ። ደረቅ አየር ላይ፣ የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ፣ ያለ ውሃ መዋል አይሆንም። አንተ ብትነግራቸው አይሰሙህም። የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው፣ ከአሁኑ ደውልላቸው። የምግቡ ነገር አያሳስብህ፣ ምግብ አብሳዩ ራሱ ጾመኛ ነው የሚሆነው፣ የካምፕ ሽሮ ደግሞ ይጣፍጣል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቋጥረው መምጣታቸው አይቀርም። ለከፍታ አይጠቅምም፣ አይጎዳም፣ ዝም በላቸው።

ዳያሞክስ የሚባለውን ክኒን ሳትሰማ አትቀርም። ይሠራል፤ ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል። ቀስ ብላችሁ ከወጣችሁ ላያስፈልግ ይችላል። ያም ሆኖ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ለልጅ መጠኑ በክብደት ነው የሚወሰነው፣ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ካለም ይነገር። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አረቄ አይቀመስ። ባለ በቅሎዎቹ ይጋብዙሃል፣ እምቢ በል።

አስጎብኚህን አሁኑኑ ደውልና ጥያቄ ጠይቀው። የየሌሊቱን መኝታ ከፍታ በቁጥር ይንገርህ። መኪናው ካምፕ ያድራል ወይስ አውርዶን ይመለሳል? ከዚህ በፊት ትንሽ ልጅ ይዞ ወጥቶ ያውቃል? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ቢያስመልሰው ምን ታደርጋለህ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አይ፣ አያስመልሰውም» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ። «እንወርዳለን፣ ሾፌሩን እቀሰቅሳለሁ» ካለህ ያዘው። ደግሞም መመለሱን የሚወስነው ጋይዱ እንደሆነ ከመነሻው ተስማሙ፤ አንተ ተራራው መሐል ሆነህ «ትንሽ ብቻ ቀረ» ስትል እንዳይፈራህ። ስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ፣ መያዝ ግዴታ ነው። የእኛው ስካውት በኮንጎ ጫማና በጋቢ ነበር፣ ጠመንጃውን አንግቶ በሌላ እጁ የልጁን የውሃ ኮዳ ይዞ። ልጁ ከጉዞው በሙሉ ዛሬም የሚያነሳው እሱን ነው።

ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ያቃጥላል፤ ኮፍያና የፀሐይ ክሬም አይቅር። ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ላዩ በረዶ ሰርቶ ታገኘዋለህ። የልጆቹን ስሊፒንግ ባግ ከዚያው ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ በኪራይ የሚገኘው ለልጅ ሰፊ ነው። ሰፊ ስሊፒንግ ባግ አይሞቅም። እናትህ ለእያንዳንዱ ጋቢ ይግዙ፣ ከየትኛውም ጃኬት ይልቅ ድንኳን ውስጥ የሚያስተኛው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጸጥታው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጎንደርንና የደባርቅን መንገድ ነክቶታል። እኔ ዛሬ «ሰላም ነው» ብዬህ፣ አንተ ከወራት በኋላ ልጆች ይዘህ ብትመጣ አይሆንም። ደባርቅ ካለ ሰው፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከአሜሪካ መንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያ፣ ከሦስቱም ጠይቅ። የጉዞ ኢንሹራንስህም መንግሥትህ «አትሂዱ» ያለበትን ቦታ ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብብ። አንዱ እንኳ ካጠራጠረህ ሰሜንን ለሌላ ዓመት አቆየው። ስልክ ላይ «ኧረ ምንም የለም» የሚልህ ሰው ቀብድህን የሚቀበለው ራሱ አለመሆኑንም አረጋግጥ።

ያኔ ባሌ አለልህ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚያንም መንገድ ወሬ ጠይቅ። ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ እንዲያውም ይመቻል። ሮቤ ወይ ጎባ ከ3,000 በታች ታድራላችሁ። ቀን ቀን በመኪና ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር፣ ትወጣላችሁ፣ ማታ ትወርዳላችሁ። ቀይ ቀበሮን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ ጅብራው መሐል አይጥ እያደነ ነው የሚገኘው። የደጋ አጋዘን ለማየት ደግሞ ዲንሾ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው፣ መኪና ይወጣዋል። ሐኪማቸው ከፈቀዱ እናትህም ሳነቴን ከመኪናው መስኮት ያያሉ። ጎንደርን ግን እዚያ አታገኘውም።

ባለቤትህን «ግማሹን ልክ ነበርሽ» በላት። ከዚያ ለትንሹ ልጅ ጫማ ግዙለት፣ ዛሬ። ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ። አንድ ወር ትምህርት ቤት አድርጎት ይሂድ። የእህቴ ልጅ ያደረገው ጫማ ከሱቅ ገና መውጣቱ ነበር፤ ደባርቅ ስንወርድ ሁለቱም ተረከዙ ተልጦ ነበር።